ገለባው የማን ሥራ ነው? የሰብልና የእንስሳት ትምህርት በአንድ ገበሬ ቤት

ይህ ጽሑፍ በወረዳና በቀበሌ ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞችና ለገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ነው። ዓላማው የእርሻ ኤክስቴንሽን ትምህርት እህል ለሚያመርተውና ከብት ለሚያረባው ገበሬ በምን መንገድ እንደሚጠቅም፣ በምን መንገድስ ሳይጠቅም እንደሚቀር፣ በአንድ ምሳሌ ማሳየት ነው። የመረጥነው ምሳሌ ገለባን በዩሪያ አክሞ ለከብት መመገብ ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም። ብዙ የልማት ሠራተኛ በሥልጠና ላይ ሰምቶታል፤ ብዙ ገበሬም በሠርቶ ማሳያ ቀን ቆሞ አይቶታል። ነገር ግን ከታየባቸው ቀበሌዎች ውስጥ ሥር ሰድዶ የቀረባቸው ጥቂቶች ናቸው። ይህ ለምን እንደሆነ መመርመር ስለ ገለባ ብቻ ሳይሆን ስለ ማስተማር ሥራችንም ብዙ ያስገነዝበናል።

አንድ እርሻ፣ ሦስት ባለሙያ

በደጋና በወይና ደጋ የሚኖረው ገበሬ እርሻውን ከፋፍሎ አያየውም። በሬው ማሳውን ያርሳል፤ ማሳው እህልና ገለባ ይሰጣል፤ ገለባው በሬውንና ላሟን ያኖራል፤ እበቱ ለጓሮ ማዳበሪያ ወይም ለማገዶ ይሆናል። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ሌላው ይጎድላል። በግንቦት የከሳ በሬ በሰኔና በሐምሌ የጤፍ ማሳ ደጋግሞ ሊያርስ አይችልም፤ ማሳው በጊዜ ካልታረሰና በጊዜ ካልተዘራ ደግሞ የምርጥ ዘሩም ሆነ የማዳበሪያው ገንዘብ ከንቱ ይቀራል።

የእኛ አደረጃጀት ግን ከፋፍሎ ያያል። ከ1990ዎቹ ዓመታት (ዓ.ም.) ወዲህ በአንድ ቀበሌ ሦስት የልማት ሠራተኞች እንዲመደቡ ተደርጓል፤ ይኸውም አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት ነው። ይህ አሠራር ጥቅም አለው። እያንዳንዱ ሠራተኛ በሙያው ጠለቅ ያለ ዕውቀት እንዲኖረው ያደርጋል። ችግሩ የሚታየው አውድማው ላይ ነው። የሰብል ሠራተኛው ሥራውን የሚለካው በሄክታር በተገኘው ኩንታል ነውና እህሉ ጎተራ ሲገባ ፋይሉን ይዘጋል። የእንስሳት ሠራተኛው ደግሞ የተከተቡ ከብቶችንና የተዳቀሉ ላሞችን ይቆጥራል። ገለባው በሁለቱ መካከል ይወድቃል። የሰብል ሠራተኛው «የእንስሳት ነው» ይላል፤ የእንስሳት ሠራተኛው «የሰብል ተረፈ ምርት ነው» ይላል፤ ክምሩ ግን ዝናብ እየመታው፣ ከብት እየረገጠው እስከ ሰኔ ይቆያል።

ወደ ኋላ ብናይ ይህ መለያየት ሁልጊዜ እንዲህ ሆኖ አልኖረም። የኤክስቴንሽን ሥራ በአገራችን የተጀመረው በአለማያ የእርሻ ኮሌጅ ሥር ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1963 ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። እ.ኤ.አ. በ1967 በአርሲ የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ከማስፋፋቱ ጎን የተዳቀሉ ጊደሮችን ያከፋፍል፣ ወተትም ይሰበስብ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን የመሬት ሥሪት ምክንያት ከአዲሱ ዘርና ከትራክተሩ አስቀድሞ የተጠቀመው ባለ መሬቱ ሆነ፤ ጭሰኛው ከመሬቱ የተነቀለበት ብዙ ቦታ ነበር። ትምህርት ያለ ፍትሕ ለማን እንደሚጠቅም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው የሳሳካዋ ግሎባል 2000 የግማሽ ሄክታር ሠርቶ ማሳያና እ.ኤ.አ. ከ1995 ወዲህ የተከተለው አገር አቀፍ የፓኬጅ ሥርዓት ገበሬው በራሱ ማሳ ላይ እንዲያይ በማድረግ ትልቅ እርምጃ ነበሩ፤ ትኩረታቸው ግን በአብዛኛው በቆሎ፣ ስንዴና ጤፍ ላይ፣ ያውም በፍሬው ላይ ነበር።

አንድ ጥያቄ በየቦታው ይገጥመናል። አጭር አገዳ ያለው የስንዴ ዝርያ ሲቀርብለት ገበሬው «ገለባውስ?» ብሎ ይጠይቃል። የሰብል ሠራተኛው መልስ ከሌለው ገበሬውን እንደ ግትር ይቆጥረዋል። ገበሬው ግን ግትር ሳይሆን ሒሳብ እያወጣ ነው። ከሰብሉ የሚጠብቀው ሁለት ምርት ነው፤ እኛ የነገርነው ስለ አንዱ ብቻ ነው።

ገለባ ለምን ብቻውን አይበቃም

የስንዴና የገብስ ገለባ ብዙውን ጊዜ በ100 ኪሎ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ያህል ፕሮቲን ብቻ ይይዛል። የሚያመሰኩ እንስሳት፣ ማለትም ከብት፣ በግና ፍየል፣ መኖውን የሚፈጩት ጨጓራቸው ውስጥ በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት ነው። በመኖው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከ100 ኪሎ ከ7 ኪሎ ገደማ በታች ሲሆን እነዚህ ተሕዋስያን ይዳከማሉ። ገለባው ጨጓራ ውስጥ ቶሎ ስለማይፈጭ ከብቱ ሆዱ ሞልቶ ይራባል። ገበሬው «ይበላል ግን አይወፍርም» የሚለው ይህንን ነው፤ አባባሉ በሳይንስም ትክክል ነው።

ዩሪያ የዚህን ጉድለት ሁለቱንም ወገን ይነካል። በ100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ዩሪያው በውሃ ሟሙቶ እርጥብ ገለባ ላይ ሲርከፈከፍና አየር ሳያገኝ ሲታፈን፣ በገለባው ላይ በሚገኝ ኢንዛይም ኃይል ወደ አሞኒያ ይለወጣል። አሞኒያው የገለባውን ጠንካራ ክፍል ያላላዋል፤ ስለዚህ ተሕዋስያኑ በቀላሉ ይደርሱበታል። ከአሞኒያውም ከፊሉ በገለባው ላይ ቀርቶ ለተሕዋስያኑ ምግብ ይሆናል። የታከመ ገለባ ለስለስ ይላል፤ ከብቱ አብዝቶ ይበላዋል፤ ከሚበላውም የሚፈጨው ይጨምራል።

ሁሉንም ገለባ ማከም ግን አያስፈልግም። የባቄላ፣ የአተርና የምስር ገለባ በፕሮቲን የተሻለ ስለሆነ እንዳለ ይሰጥ። የጤፍ ጭድ ከስንዴና ከገብስ ገለባ ይሻላል፤ ደግሞም ለቤት ምርጊት ጥሩ ዋጋ ያወጣልና ገበሬው ሊሸጠው ይችላል። ሕክምናው በይበልጥ የሚክሰው የስንዴ ገለባን፣ የገብስ ገለባንና ተከትክቶ የተዘጋጀ የበቆሎና የማሽላ አገዳን ነው። ጥሩ ድርቆሽ ወይም ለምለም ሣር በዩሪያ ፈጽሞ አይታከም። በእንዲህ ያለው መኖ ውስጥ ያለው ስኳር ከአሞኒያ ጋር ተዋሕዶ ከብቱን የሚያሳብድ መርዝ ሊፈጥር ይችላል፤ መርዙ በወተት በኩል ወደ ጥጃው ይተላለፋል። «ገለባን ካሻሻለ ድርቆሽንማ እንዴት አያሻሽል» ብሎ የሚያስብ ትጉህ ገበሬ ስለሚኖር ይህ አስቀድሞ ይነገረው።

አሠራሩ

ለማስታወስ የሚቀለው መጠን ይህ ነው፦ ለ20 ኪሎ ደረቅ ገለባ 1 ኪሎ ዩሪያ በ16 ሊትር ውሃ። አምስት ጊዜ ሲደጋገም ለ100 ኪሎ ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያና 80 ሊትር ውሃ፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር አራት ጀሪካን ይሆናል።

ቦታው ውሃ የማይተኛበት፣ ከተቻለ ከዳስ ወይም ከቤት ክዳን ሥር ይሁን። ርዝመቱ፣ ወርዱና ጥልቀቱ አንድ አንድ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ገለባው በደንብ ሲረገጥ ወደ 100 ኪሎ ይይዛል። የጉድጓዱ ወለልና ግድግዳ በላስቲክ ይለበጥ፤ ላስቲክ ካልተገኘ ለወለሉና ለግድግዳው የኮባ ወይም የእንሰት ቅጠል ይሠራል። ለላዩ ግን ላስቲክ ቢሆን ይመረጣል። 20 ኪሎ ገለባ ይነጠፍ፤ 1 ኪሎ ዩሪያ በ16 ሊትር ውሃ ጨርሶ እስኪሟሟ ይበጥበጥ፤ በአትክልት ውሃ ማጠጫ ወይም በተበሳ ጣሳ እኩል ይርከፍከፍ፤ በመንሽ ይገላበጥ፤ ከዚያ በእግር በደንብ ይረገጥ። ሁለተኛው ንጣፍ ይከተላል። ርግጫው አይዘንጋ፤ በገለባው መካከል የቀረ አየር ሻጋታ ያመጣል። ሲሞላ በላስቲክ ተሸፍኖ ዳርና ዳሩ በጭቃ ይመረግ፤ ላዩም በአፈር ወይም በድንጋይ ይጫን። የዝናብ ውሃ እንዳይገባ ዙሪያውን ትንሽ ቦይ ይቀደድ።

በወይና ደጋ 21 ቀን ይበቃዋል። በደጋ ብርዱ ሥራውን ስለሚያዘገየው ከ4 ሳምንት ያላነሰ ይቆይ። በደጋ ቀበሌ 21 ቀን ብሎ ማስተማር በመጽሐፍ የተጻፈውን መድገም እንጂ ማስተማር አይደለም፤ ገበሬው በ21ኛው ቀን ከፍቶ ምንም ያልተለወጠ ገለባ ካገኘ ለሁለተኛ ጊዜ አይሞክርም።

በደንብ የታከመ ገለባ ቀለሙ ወደ ቡናማ ያደላል፤ ሲጨብጡት ይለሰልሳል፤ ሲከፈት አፍንጫና ዐይን የሚቆጠቁጥ የአሞኒያ ሽታ ይሸታል። ስለዚህ የሚከፍተው ሰው ነፋሱን ከኋላው አድርጎ ይቁም፤ ሕፃናት አይጠጉ። ነጭ ወይም ጥቁር ሻጋታ የያዘው ክፍል ተለይቶ ይጣል። በየቀኑ ለቀኑ የሚበቃው ብቻ ከአንድ ወገን ይወጣና ሽታው እስኪቀንስ ለጥቂት ሰዓት፣ ቢቻል ለአንድ ሌሊት፣ ተዘርግቶ ይደር። ጉድጓዱ ወዲያው ተመልሶ ይሸፈን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲሦው የታከመ፣ ሁለት እጁ ያልታከመ ሆኖ ይቀርባል፤ ከዚያ እኩል በእኩል፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ የታከመውን ብቻ መስጠት ይቻላል። ከብቱ ውሃ በበቂ ይጠጣ፤ አሞሌ ጨው ይላስ። ከስድስት ወር በታች ለሆኑ ጥጆች አይሰጥ፤ ጨጓራቸው ገና አልዳበረም። ለፈረስ፣ ለበቅሎና ለአህያም አይሰጥ።

አደጋው

ዩሪያ መድኃኒትም መርዝም ነው። ለዩሪያ ያልለመደ ከብት ጥቂት እፍኝ ጥሬ ዩሪያ ቢልስ ወይም በበርሜል የተረፈውን ብጥብጥ ቢጠጣ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ምልክቶቹ ቶሎ ይታያሉ፦ ለሐጩ ይዝረበረባል፣ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሆዱ ይነፋል፣ እየተንገዳገደ ይሄዳል፣ መተንፈስ ይቸግረዋል። ወዲያውኑ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠራ። እስኪደርስ ድረስ ከብቱ በእግሩ ከቆመና መዋጥ ከቻለ ለትልቅ ከብት ከ2 ሊትር ያላነሰ ኮምጣጤና ብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ቀስ ብሎ ማጠጣት ይረዳል። የወደቀና የሚወራጭ ከብት ግን በግድ አይጋት፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ሠርቶ ማሳያውን ጨርሶ ከግቢው ከመውጣቱ በፊት ሦስት ነገሮችን በዐይኑ ይይ፦ በርሜሉና ባልዲው መታጠባቸውን፣ የተረፈው ዩሪያ ከብትም ሕፃንም በማይደርስበት ቦታ መቀመጡን፣ መሬት ላይ የፈሰሰ ፍሬ አለመኖሩን። በአንድ ቀበሌ አንድ በሬ በዩሪያ ቢሞት የጠፋው በሬ ብቻ አይሆንም። ከዚያ በኋላ በዚያ ቀበሌ ስለ መኖ የሚነገር ሁሉ ጆሮ አያገኝም፤ ምናልባትም ስለ ክትባትም ጭምር። የገበሬውን አመኔታ መልሶ ማግኘት ከበሬው ዋጋ ይበልጣል።

እንዴት እናስተምር

አሠራሩን በአንድ ቀን ማሳየት ይቻላል፤ ማስተማር ግን አይቻልም። በብዙ ቦታ የሚደረገው እንዲህ ነው፦ መኪና ከሚገባበት መንገድ አጠገብ ያለ አንድ ሞዴል ገበሬ ይመረጣል፤ ዩሪያና ላስቲክ በነፃ ይሰጠዋል፤ የልማት ሠራተኛው እጅጌውን ሰብስቦ ራሱ ያርከፈክፋል፤ አርባ ሰው ቆሞ ያያል፤ ስማቸው ይመዘገባል፤ ሪፖርት ይላካል። ጎረቤቱ ከዚህ የሚማረው ይህ ሥራ ስጦታ ለሚያገኙ ሰዎች የተሠራ መሆኑን ነው። በሚቀጥለው ዓመት ስጦታው ሲቀር ሞዴሉ ገበሬም ይተወዋል።

እኛ የምንመክረው አራት ጉብኝት ነው። የመጀመሪያው በታኅሣሥ ወይም በጥር፣ ውቂያው ሲያልቅ፣ ለመጠየቅ ብቻ የሚደረግ ጉብኝት ነው። ክምሩ ስንት ነው? ባለፈው ዓመት በየትኛው ወር አለቀ? የትኛው ከብት አስቀድሞ ከሳ? ውሃ ከየት ይመጣል? በዚህ ቀን የሰብልና የእንስሳት ሠራተኞች አብረው ይሂዱ። ሁለት ሰው በአንድ ክምር ፊት ቆሞ ሲጠይቅ «የእኔ አይደለም» የሚባል ነገር አይኖርም።

ሁለተኛው ጉብኝት የሥራው ቀን ነው፤ ለወይና ደጋ የካቲት መጀመሪያ ቢሆን መልካም ነው፤ በደጋ ግን ከጥር አጋማሽ አይለፍ። እንዲህ ከሆነ የታከመው ገለባ የእርሻ ሥራና የመኖ እጥረት በሚገናኙበት በመጋቢትና በሚያዝያ ይደርሳል። ባልዲውን የሚይዘው ገበሬው ይሁን። ሠራተኛው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይቁም፤ ስሕተት ሲያይ ይናገር። ሚዛን ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ይምጣ፤ 1 ኪሎ ዩሪያ ገበሬው በቤቱ ባለው ጣሳ ውስጥ ተለክቶ እስከ የት እንደሚደርስ በምስማር ይጫር። ከዚያ ቀን በኋላ ሚዛን አያስፈልገውም። እንዲሁም በአንድ ሸክም ገለባ ውስጥ ስንት ኪሎ እንዳለ አንድ ጊዜ ይመዘን። የልማት ሠራተኛው በመቶኛ የሚያውቀውን ገበሬው በጣሳና በሸክም ካወቀው ትምህርቱ የራሱ ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛው ጉብኝት ጉድጓዱ የሚከፈትበት ቀን ነው። ጎረቤቶች የሚጠሩት በዚህ ቀን ነው እንጂ በሥራው ቀን አይደለም፤ ማንም ሰው ገለባ ሲረጥብ ለማየት ግማሽ ቀን ማጥፋት አይገባውም። የታከመውና ያልታከመው ገለባ ጎን ለጎን ይቅረቡ። ሰዉ ይጨብጣቸው፤ ያሽትታቸው። አስተያየት ይሰጥ፤ ይጠራጠርም።

አራተኛው ጉብኝት ከአንድ ወር በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም ይኸው ነው። ገበሬው በራሱ መለኪያ እንዲያይ አስቀድሞ መዘጋጀት ያስፈልጋል። የበሬውን ደረት ከፊት እግሮቹ ጀርባ በገመድ ለክቶ ቋጠሮ ማሰር ይችላል፤ ከወር በኋላ ያው ገመድ ምን ያህል እንደጠበበ ያየዋል። የላሟን ወተት ማለዳ ማለዳ በአንድ ዓይነት ጣሳ መስፈር ይቻላል። በግርግሙ ውስጥ የቀረውን ገለባ ማየትም ብቻውን ብዙ ይናገራል። ልዩነት ካልታየ የልማት ሠራተኛው ይህንን በግልጽ ይቀበል፤ ምክንያቱንም ከገበሬው ጋር ይፈልግ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አየር የገባበት ላስቲክ፣ አንሶ የተለካ ዩሪያ ወይም ያልሞላ ቀን ነው።

ማንን እናስተምር

በብዙ ቤት በሬውን የሚያርስበት ወንዱ ነው፤ ግርግሙን የምትሞላው፣ ላሟን የምታልበውና የታመመውን ከብት አስቀድማ የምታውቀው ግን ሴቷ ናት። ስልጠናው የሚጠራው «አባወራ» በሚል ስም ስለሆነ ሥራውን የማይሠራው ሰው ሠልጥኖ ይመለሳል፤ የምትሠራው ደግሞ ከእርሱ የሰማችውን ትሠራለች። «በመጀመሪያው ሳምንት ቀላቅሎ መስጠት» የሚለው መመሪያ በመንገድ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

የውሃውም ነገር የሴቶች ነገር ነው። ለሁለት በሬ ለሁለት ወር የሚበቃ ገለባ ለማከም ወደ 670 ሊትር ውሃ፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 34 ጀሪካን ያህል ያስፈልጋል። ይህንን ማን እንደሚቀዳ የልማት ሠራተኛው ሳይጠይቅ ሒሳብ ቢሠራ፣ ሒሳቡ የተሠራው በሌላ ሰው ጀርባ ላይ ነው። ምንጩ ሩቅ ከሆነ አህያ ይታሰብ፤ ሥራው በሁለት ዙር ይከፈል፤ ጉድጓዱ ወደ ውሃው ይቅረብ፤ ይህ ሁሉ ካልሆነ ዘዴው ለዚያ ቤት አይመከር። እንዲህ ብሎ መተውም የኤክስቴንሽን ሥራ ነው።

ሴቶቹ ከእኛ የሚሻል ዕውቀት የያዙበትም ቦታ አለ። የጠላና የአረቄ አተላ ለወተት ላም ያለውን ጥቅም ማንም የልማት ሠራተኛ አላስተማራቸውም። አተላን ከታከመ ገለባ ጋር አቀናጅቶ መስጠት ተሕዋስያኑ ናይትሮጅንና ኃይል ሰጪ ምግብ ባንድነት እንዲያገኙ ያደርጋል፤ ይህንን ማብራራት የእኛ ፈንታ ነው።

ሒሳቡ

280 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን ወደ 7 ኪሎ ደረቅ መኖ ይበላል። ሁለት በሬ በ60 ቀን 840 ኪሎ ገለባ ይፈልጋሉ፤ ለዚህም 42 ኪሎ ዩሪያ ያስፈልጋል። ባለ 50 ኪሎ አንድ ከረጢት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ለሄክታር 100 ኪሎ ዩሪያ በሚለው የቆየ አጠቃላይ ምክር ብንሄድ፣ ይህ ከ0.4 ሄክታር ለሚበልጥ ማሳ የሚበቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 የዓለም የማዳበሪያ ዋጋ በጣም ሲወደድ እንዳየነው፣ ገበሬው ዩሪያውን ለማሳው ወይስ ለበሬው ብሎ ማሰቡ ተገቢ ነው። የሰብል ሠራተኛውና የእንስሳት ሠራተኛው ተለያይተው ቢመክሩት አንዱ «ማሳህ ላይ አድርግ»፣ ሌላው «ገለባህ ላይ አድርግ» ይሉታል፤ ያለው ግን አንድ ከረጢት ነው።

በእኛ አስተያየት ዘዴው ለሁሉም አይሆንም። ለከተማ ቀረብ ብሎ ወተት ለሚሸጥና የተዳቀለች ላም ላለው ገበሬ፣ እንዲሁም ብዙ የስንዴ ወይም የገብስ ገለባ ኖሮት በመኖ እጦት ዘግይቶ ለሚያርስ ሰው ዋጋውን ይከፍላል። ለሁለተኛው ሰው ለሁሉም ከብት ማከም አያስፈልገውም፤ ለእርሻ በሬዎቹ ብቻ፣ ለእርሻው ወራት ብቻ ይበቃል። ትንሽ መሬትና አንድ በሬ ያለው ገበሬ ግን ከዩሪያው በፊት የሚሠራቸው ርካሽ ነገሮች አሉ። ክምሩን ከመሬት ከፍ አድርጎ መከመርና ከዝናብ መጠለል፣ ከብት ገለባውን እንዳይረግጠው ግርግም መሥራት፣ አገዳን ከትክቶ መስጠት፣ በጓሮና በድንበር ላይ ሰስባንያ ወይም በደጋ ትሪ ሉሰርን መትከል። እነዚህ ፎቶግራፍ ሲነሱ አያምሩም፤ ለሪፖርትም አይመቹም። ነገር ግን በግርግም እጦት በእግር ሥር የሚባክነውን ገለባ ያየ ሰው ዩሪያን አስቀድሞ አያነሣም።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

ገበሬው ዘዴውን ወዶ በጥር ወር ዩሪያ ቢፈልግ ብዙ ጊዜ አያገኝም፤ የማዳበሪያ አቅርቦት የሚታቀደው ለዘር ወቅት ነውና። ማኅበሩ የአባላቱን የመኖ ዩሪያ ፍላጎት ከማሳው ለይቶ አስቀድሞ መዝግቦ ጥያቄውን ከዓመታዊው ጋር ያቅርብ፤ ከክረምት የተረፈውንም ለዚህ ያቆይ። በመጋዘን የጠጠረ ዩሪያ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ተሰባብሮ ቢሟሟ ለዚህ ሥራ ይሆናል። ከሌላ ማዳበሪያ ጋር የተቀላቀለ ግን በጭራሽ ለመኖ አይሰጥ፤ ዳፕና ኤንፒኤስ በዩሪያ ምትክ አይሠሩም። ሻጩ ይህንን ለእያንዳንዱ ገዥ በቃል ይንገር።

ላስቲክን በጅምላ ገዝቶ በሜትር መሸጥ፣ አንድ ሚዛንና ሁለት የአትክልት ውሃ ማጠጫ ገዝቶ ለአባላት በተራ ማዋስ፣ የኑግ ፋጉሎ በጋራ ማስመጣት፣ እነዚህ ከማኅበሩ አቅም በላይ አይደሉም። በአርሲና በባሌ ኮምባይነር በሚሠራባቸው ቀበሌዎች ገለባው በየማሳው ተበትኖ ይቀራል፤ አንዳንዱም ይቃጠላል። በዚያ አካባቢ ያሉ ማኅበራት ገለባውን ሰብስቦ ማሰርና መኖ ለጎደለበት ቀበሌ መሸጥ ሊያዋጣቸው ስለሚችል፣ ከማሽን ባለቤቶች ጋር ውል ሲገቡ ስለ አጨዳው ከፍታና ስለ ገለባው አወዳደቅ አብረው ይነጋገሩ።

መዝገብ

በየቀበሌው ለዚህ ሥራ አንድ ደብተር ይከፈት፤ የሰብልና የእንስሳት ሠራተኞች በጋራ ይያዙት። የሠለጠነው ሰው ቁጥር በደብተሩ ውስጥ ዋና ቦታ አይያዝ። ዋናው ዓምድ «በሁለተኛው ዓመት ሳይቀሰቀስና ስጦታ ሳይቀበል የሠራ» የሚል ይሁን። ከእርሱ ቀጥሎ የተሠራበት ቀንና የተከፈተበት ቀን፣ የገለባው ዓይነትና ኪሎ፣ የዩሪያው ኪሎና የተገዛበት ዋጋ፣ ውሃውን የቀዳው ሰው፣ የተመገቡት ከብቶች ብዛት፣ በገመዱና በወተቱ ጣሳ የታየው ለውጥ ይጻፍ። የተወ ገበሬ ካለ የተወበት ምክንያት በራሱ አነጋገር ይመዝገብ። ደብተሩ በሰኔ መጨረሻ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ይቅረብ፤ ግልባጩም በአቅራቢያ ላለው የምርምር ማዕከል ይላክ፤ «ለምን ተወ» የሚለውን ዓምድ አስቀድመን የምናነበው እኛ ነን።